አንቀጽ አራት፦ ከብስክሌት መውረድ ፈጽሞ ክልክል ነው

ውድ የሰሌዳው አንባቢዎች፣ ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑኝም። ከእናንተ ግማሹ ቆሞ ስላየኝ ማመን አያቅተውም፤ እኔ የምጽፈው ለቀረው ግማሽ ነው።

በዚህ በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ላይ እስከ ዛሬ የለጠፍሁት ሁሉ ማስታወቂያ ነበር። «ይታወቅ»፣ «ይከልከል»፣ «እናሳስባለን»። ከግርጌው በእርሳስ የምትጽፉልኝንም አንድ በአንድ አነብባለሁ። («ወይዘሪት ሆይ፣ ፈገግታስ ተፈቅዷል?» ብለህ የጻፍኸው ሰው፣ የእጅ ጽሑፍህን አውቄዋለሁ።)

የዛሬው ግን ኑዛዜ ነው።

ነገሩን ለማታውቁት፦ የዳንግላ የብስክሌት መንገድ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፤ ዓላማው አንድ። ከገበያው ወደ ክሊኒኩ በሚወስደው መንገድ ቀኝ ጠርዝ ላይ፣ ሁለት ክንድ ያህል ቦታ ለብስክሌት ማስለቀቅ። ያን ጠርዝ የያዙት የፈረስ ማሰሪያ ካስማዎች ናቸው። ስለዚህ ብስክሌተኛ ወደ መሐል መንገድ ይገባል። መሐል መንገድ ላይ ደግሞ የጭነት መኪና አለ። መኪኖች በመንገዱ ግራ መሄድ ትተው በቀኝ እንዲሄዱ ከታዘዘ ወዲህ ፈረሶቹ ትእዛዙን ገና አልሰሙም፤ አንዳንድ ሾፌሮችም እንዲሁ!

ባለፈው ክረምት የክሊኒኩ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳቱ ይስማው፣ ምጥ ወደ ያዛት ሴት በብስክሌት ሲከንፍ ከመኪና ሊሸሽ ብሎ ወደቀ። ትከሻው ተሰበረ። ሴትዮዋ ዘንድ የደረሰው በቃሬዛ ነው። እርሷ ቀድማ ተገላግላ ስለነበር «እንኳን ደኅና መጡ» ብላ ተቀበለችው።

ሁላችንም ስቀናል። ቀድማ ባትገላገልስ ኖሮ? ይህን የጠየቀ ግን አልነበረም።

ካስማዎቹ እንዲነሡ የፈረሰኞቹ አለቃ ግራዝማች አየነው መፍቀድ አለባቸው። ሦስት ጊዜ ደጅ ጠናናቸው። በመጨረሻው ቀን እንዲህ አሉን፦

«ፈረሰኛ ሽማግሌ ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሣል። ይህ የእናንተ ብረት ደወሉን እያንቃጨለ ከማለፍ በቀር ምን ያውቃል? ሰው ማክበሩን አሳዩኝ፤ ካስማውን በገዛ እጄ እነቅለዋለሁ።»

ከዚህ የቀለለ ነገር አለ? የብስክሌት ቀን አዘጋጀን። ሰባት ተወዳዳሪ ተመዘገበ፣ ሁለቱ ከእንጅባራ። ትከሻው የዳነለት ይስማውም ገባበት።

ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት አንቀጽ፣ በሁለት ግልባጭ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይላል፦ «ለተወዳዳሪዎችና ለተመልካቾች ደኅንነት ሲባል፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ከብስክሌት መውረድ ፈጽሞ ክልክል ነው። የወረደ ይሰረዛል።»

ይስማው አንብቦ፣ «እትዬ፣ መውረድ ደግሞ ለማን ደኅንነት ነው የሚከለከለው?» አለኝ።

«ተጽፏል» አልሁት።

እውነቱን አሁን ልንገራችሁ። ለእኔ ደኅንነት ነው።

መውረድ አልችልም!

የምነዳው የማስተምርበት ትምህርት ቤት ብስክሌት የወንድ ነው፤ መሐሉ ላይ ብረት አለው። እኔ ደግሞ ቀሚስ ለባሽ ነኝ። በትምህርት ቤቱ በር አጠገብ ያለውን ትልቅ ድንጋይ ታውቁታላችሁ? የምወጣው በእርሱ ነው። የምወርደውም በእርሱ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከድንጋዩ ተነሥቼ ወደ ድንጋዩ ስመለስ ኖሬአለሁ። በዩኒቨርሲቲ ጂኦግራፊ አጥንቻለሁ፤ ከምድር እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት አስተምራለሁ። ያቃተኝ ከፔዳሉ እስከ ምድር ያለው ነው።

ዋና ዳኛ በመሆኔ ተወዳዳሪዎቹን በብስክሌት ከኋላ መከተል ነበረብኝ። መድረሻው ላይም ደርዝ ያለው ድንጋይ አስቀድሜ መርጬ ነበር። ሰው ሁሉ ውድድሩን ሲያስብ እኔ የማስበው ያን ድንጋይ ነበር።

ተነሣን። ይስማው ቀደመ። እኔ ፊሽካዬን ነክሼ ከኋላ አለሁ።

ከባሕር ዛፎቹ ማዶ ያለውን ጠመዝማዛ ስናልፍ፣ ግራዝማች ከአራት ሽማግሌዎች ጋር በፈረስ ብቅ አሉ። ሊያዩን መምጣታቸው ነው። አዩን፤ ልጓማቸውን ያዙ።

ከዚያ ወረዱ። ለእኛ ክብር ሲሉ፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከፈረስ ወረዱ!

ይስማው ወዲያው ፍሬን ያዘና ወረደ። ሁለቱ የእንጅባራ ልጆችም ወረዱ። ሰባቱም ብስክሌታቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ባርኔጣ ያለው ባርኔጣውን አውልቆ፣ ጎንበስ አሉ። ግራዝማች የጠየቁን ይኸው ነበር፤ አንድም ሳይጎድል በዓይናቸው ፊት ተፈጸመ።

እኔስ?

ፊሽካዬን ነፋሁ።

«አንቀጽ አራት!» ብዬ ጮኽሁ። «ሰባታችሁም ተሰርዛችኋል!»

ይህን እያልሁ፣ በእግራቸው በቆሙት አምስት ሽማግሌዎች ፊት፣ ቀጥ ብዬ እንደ ተቀመጥሁ አለፍሁ። ራሴን ዝቅ ልበል ብል ብስክሌቱ ተወላገደብኝ፤ መልሼ ቀና አልሁ። እንዲያውም ደወሉን ነካሁት መሰለኝ። አዎን፣ ነካሁት። ቅጭል አለ።

ከኋላዬ ሽማግሌዎቹ በአገውኛ አንድ ነገር ተባባሉና ሳቁ። የምን ሳቅ እንደሆነ ዞሬ እንዳላይ፣ መዞርም አልችልም።

መድረሻው ላይ ብቻዬን ደረስሁ። ሕዝቡ አንደኛ የወጣሁ መስሎት አጨበጨበ! ድንጋዬን ፈለግሁ።

የለም።

አንቀጽ ዘጠኝ፦ «የመድረሻው ሜዳ ከድንጋይና ከማናቸውም እንቅፋት የጸዳ ይሁን።» ዘበኛው ታዛዥ ሰው ነው፤ አንድ ጠጠር አላስቀረም። ደንቡን ማን እንደጻፈው አትጠይቁኝ።

ሜዳውን አንድ ጊዜ ዞርሁ። ጭብጨባው ጨመረ። ሁለተኛ ዞርሁ። እልልታ ተጨመረበት። በሦስተኛው ዙር አንዲት ሴት፣ «ኧረ ይብቃሽ፣ እንዳያዞርሽ!» ስትል ሰማሁ። እግሬ ዛለ፤ ሜዳውን ለቅቄ ወደ መንገዱ ጠርዝ ወጣሁ፤ እዚያ ያገኘሁትን ነገር በሁለት እጄ አቀፍሁት። ብስክሌቱ ከሥሬ ሄዶ ወደቀ። እኔ ቀረሁ።

ያቀፍሁት የፈረስ ማሰሪያ ካስማ ነበር። ይነቀልልን እያልሁ በሦስት ገጽ ማመልከቻ የጻፍሁበት ካስማ!

ግራዝማች ፈረሳቸውን እየሳቡ ደረሱ። እኔ ካስማውን ገና አልለቀቅሁም። ላይ ታች ተመለከቱኝና፣

«ታዲያ ልጄ፣ ይህን ነቅለን አንቺ በምን ትወርጃለሽ?» አሉ።

ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ሰባቱን አይቻቸዋለሁ» አሉ ዝግ ብለው። «የሰው ልጆች ናቸው፤ አሳዳጊያቸው ይባረክ። ሰው እንዳያከብሩ የምትከለክያቸው አንቺ ነሽ። መንገዱን ብሰጥ፣ የመንገዱን ደንብ የምትጽፊው አንቺው አይደለሽም?»

እዚህ ላይ ሦስት ቃል ይበቃኝ ነበር። «መውረድ አልችልም፣ ግራዝማች።» አለቀ። ሽማግሌው ደግ ናቸው፤ ስቀው ያልፉት ነበር፤ ምናልባትም ካስማውን ያን ጊዜውኑ ይነቅሉት ነበር። ሦስት ቃል!

ያልሁት ግን ምን ይመስላችኋል? «ደንብ ነው።»

«በይ ደንብሽን ያዢ» አሉኝና ፈረሳቸውን አሰሩ። እኔ ካቀፍሁት ካስማ ላይ።

ይስማው ቆይቶ ብስክሌቴን አንሥቶ አመጣልኝ። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እትዬ፣ የድንጋዩን ነገር ከተማው ሁሉ ያውቃል። መቼ ይነግሩን ይሆን እያልን ስንጠብቅ ነው የኖርነው።»

«ሽማግሌዎቹ በአገውኛ ምን አሉ?»

«ይቅርብዎ።»

«ንገረኝ።»

«‹ከኮርቻው ጋር ሰፍተዋታል እንዴ?› ነው ያሉት።»

ከዚያ ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ተወ። ነገ ሰኞ ነው። ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው መንገድ ዳር የሚጠብቁት ሁለት ሕመምተኞች አሉ። ከክሊኒኩ ሲወጣ ካስማዎቹን ሸሽቶ፣ እንደ ልማዱ በመሐል መንገድ፣ ከመኪኖቹ ጋር ይሄዳል። እኔ ልወርድ ባለመቻሌ ሳይሆን፣ አልችልም ለማለት ባለመቻሌ።

ከሰዓት በኋላ አንቀጽ አራትን በቀይ ቀለም ሰረዝሁት፤ በሁለቱም ግልባጭ። ሰባቱ ተወዳዳሪዎች ወደ ዝርዝሩ ተመልሰዋል፤ አንደኛ ይስማው ነው። ከዚያ ከትምህርት ቤቱ ጓሮ፣ ማንም በሌለበት፣ መውረድ ተለማመድሁ። ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። በአራተኛው ወረድሁ ለማለት ባልደፍርም፣ መሬት ደርሻለሁ።

ነገ ጠዋት ግራዝማች ዘንድ እሄዳለሁ። በእግሬ። ሦስቱን ቃል ይዤ። ካስማው ይነቀል አይነቀል አላውቅም፤ ዛሬ ሊነቀል ይችል እንደነበር ግን አውቃለሁ፤ እንቅልፍ የሚነሣኝም እርሱ ነው።

እስኪ እናንተ፣ እውነት ተናገሩ፦ የማትችሉትን ነገር «ክልክል ነው» ብላችሁ አታውቁም? ከዚህ በታች ባዶ ቦታ ትቻለሁ። እርሳሱ በክር ታስሯል።

ፈገግታም ተፈቅዷል።