ቦታዬን የሚበላው ሰው

በፎቶ አንሺ የማይቀና የጋዜጣ ጸሐፊ ካለ፣ ወይ ጻድቅ ነው፣ ወይ ገና መጻፍ አልጀመረም። እኔ ከሁለቱም አይደለሁም።

ባለፈው ማክሰኞ የገበያው ጥግ ላይ ቆሜ ያየሁትን ልንገራችሁ። የእኛ ክቡር ፎቶ አንሺ ባለ ሦስት እግር ሣጥኑን ተክሎ፣ አንዲት ሽንኩርት ሻጭን ስሟን ጠየቃትና ከኪሱ ትንሽ መስታወት አውጥቶ ሰጣት። ፀሐይዋ እየሸሸችበት፣ ሻሿን እስክታስተካክል ጀርባውን አዙሮ ጠበቃት። ደግነት ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግን፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝና፣ ቀናሁ።

መጨረሻውን አውቀዋለኋ! ስለ ከተማው ውሃ ቧንቧ መሰበር ሦስት ቀን የለፋሁበትን ጽሑፍ አዘጋጃችን ከላይ እስከ ታች አየና፣ "አሳጥረው፤ የሽንኩርቷ ሴትዮ ትግባበት" አለኝ። ከሦስት ዓምድ ሦስት መስመር ተረፈኝ።

ፎቶ አንሺውን ከተማው "ጋሼ አንዴ" ይለዋል፤ "አንዴ ብቻ! እንዳትተነፍሱ!" ሳይል አያነሳማ። ይህን ሲል አናጢው መዶሻውን አየር ላይ ያቆማል። ሁለት ተደባዳቢዎች እንኳ ጡጫቸውን እንደጨበጡ ደርቀው ቆመው፣ በምን እንደተጣሉ ረሱት አሉ። የእኔ ስም በየሳምንቱ ጋዜጣው ላይ ይታተማል፤ ጫማ ጠጋኙ ግን ባለፈው አተኩሮ አየኝና፣ "የጋሼ አንዴን ሣጥን የምትሸከመው አንተ አይደለህም እንዴ?" አለኝ።

ትናንት ጋሼ አንዴ አንድ ካርቶን ሙሉ ፎቶ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። አናጢውን፣ ጠጋኙን፣ ልብስ አጣቢዋን፣ ሁሉንም ከነአባታቸው እየጠራ አሳየኝ። ሽንኩርት ሻጯ ላይ ሲደርስ ፎቶውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

"ይቺ... ስሟን ማን ነበር ያለችኝ? ማክሰኞ ዕለት እኮ ነው ያነሳኋት!"

በቅናት ቆሜ ሳዳምጥ ሰምቼው ነበርና ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ስማ ወንድሜ፣ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ሁሉንም የያዝኩት በጭንቅላቴ ነው፤ ጭንቅላቴ ደግሞ ማፍሰስ ጀምሯል። መልካቸው ፎቶው ላይ ቢቀርም ስማቸው ሊጠፋ ነው። ማን እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሠሩ፣ የነገሩኝን ሁሉ ከየፎቶው ጀርባ ጻፍልኝ።"

ፊደልን በጎልማሳነቴ፣ ያለ አስተማሪ ያስጨበጠኝን አምላክ በልቤ አመስግኜ ብዕሬን አነሳሁ።

"በስንት መስመር ይሁን ጋሼ?" አልኩ፣ ለምዶብኝ።

ፎቶውን ገልብጦ ባዶውን ጀርባ ወደ እኔ ገፋው።

"ይኸው ሙሉ ቦታ። አደራህን፣ እንዳታሳጥረው።"