ዶክተራችንና ዘሩ የተለወጠ ሸንኮራ

ሸንኮራው ሊቆረጥ ሲል ቅጠሉ በእሳት የሚለበለብበት ወር ነበር። ጥላሸቱ እየተንሳፈፈ መጥቶ የታጠበ ልብስ ላይ ያርፋል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፣ አየሩ ያረረ ስኳር ስኳር ይላል። በዚያ ወር ልብስ የሚያሰጣ ሞኝ ነው፤ እኔ በየዓመቱ አሰጣ ነበር። ይሄኔ ከአጥር ወዲያ ድምፅ ይመጣል።

"ስሚኝማ እታለም፤ ጥላሸት ነጭ ልብስ ለምን እንደሚመርጥ ታውቂያለሽ?"

ሳይጠየቅ የሚመልስ ጎረቤት የሌለው ሰፈር በዓለም ላይ የለም። የእኛ ድርሻ ክቡር ዶክተር ነበሩ። ዶክትሬቱን ያገኙት ከሸንኮራ ምርምር ጣቢያው ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የላቦራቶሪ ጠርሙስ አጥበዋል። በዚሁ ዕውቀታቸው አዋላጇን ስለ ምጥ አስተምረዋል። የውሃ ፓምፕ ጠጋኙን ከጎኑ ቆመው ሲመክሩት ውለው ፓምፑ ሦስት ቀን ዝም ብሏል። ቀብር ላይ እንኳ ቆፋሪውን "አካፋ እንደሱ አይያዝም" ብለውት፣ አካፋውን አስታቅፏቸው ሊሄድ ምንም አልቀረው። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ "ጥርሱን ሲያመው እንኳ ስለ ጥርስ ያስረዳኛል" ይሉ ነበር።

አገዳ ቆርቁር የሚሉት ትል ማሳችንን ቦርቡሮ ሲጨርሰው፣ ጣቢያው አዲስ ሸንኮራ በሙከራ ማሳ ተከለ። ጥበቃው ለዶክተር ተሰጠ። የዚያን ዕለት አጥሩን ተደግፈው ያዙኝ።

"አፈር ውስጥ የምትኖር በዓይን የማትታይ ፍጥረት አለች። ከእሷ ቆንጥረው አገዳው ውስጥ ከተቱ። ዘሩ ተለውጧል። ትሉ ሲበላው ይሞታል።"

"ሰው ሲበላውስ?"

"ሰው ትል ነው እንዴ እታለም? ቆዪ፣ ልንገርሽ…"

ድስት ጥጃለሁ ብዬ ገባሁ። ድስትም አልጣድኩ።

በማግስቱ አረም ስንነቅል ለሴቶቹ "አዲሱ ሸንኮራ ዘር ይለውጣል አሉ" አልኩ። እሳቸው ያሉት የአገዳውን ዘር ነው። ዘር ግን ልጅም ነው፣ የልጅ ልጅም ነው፤ ሴቶቹ የሰሙት ይሄኛውን ነው። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ሲደነግጡ ሳይ ደስ አለኝ፤ ሰው እኔን አፉን ከፍቶ ሰምቶኝ አያውቅም ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ወሬው "ዘር ያጠፋል" ሆኖ ወደ እኔው ተመለሰ። እኔም እንደ እንግዳ "ወይ ጉድ" አልኩ።

ዶክተር ይህን ሲሰሙ ሰው ለማሳመን ከአንዲት ሴት ልጃቸው ጋር መንገድ ዳር ቆመው ያንኑ ሸንኮራ መጠጡ። ልጅቷ ለጋራዡ ባለቤት ልጅ ታጭታ፣ ሠርጓ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። የልጁ እናት "ዘሯ የተነካ ምራት ቤቴ አትገባም" አሉ። ቀለበቱ ተመለሰ።

ሽማግሌዎች ትምህርት ቤቱ ውስጥ ሰበሰቡን። ወሬውን ያወጣው ሰው ተገኝቶ፣ ልጅቷን በሰው ፊት ይቅርታ እንዲጠይቅ ነው። ልጅቷ የፊት አግዳሚ ላይ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች።

"ዶክተር፣ ይህን የዘር ነገር ለማን ነበር የነገሩት?" አሏቸው።

ለእኔ ብቻ ነው የነገሩኝ። ዶክተር ዞረው አዩኝ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ አየሁ።

"አላውቅም" አሉ።

ሰው ሳቀ፤ ዶክተር የማያውቁት ነገር ተገኘ ተብሎ። እኔም ሳቅሁ። ልጅቷ ይቅርታ የሚላት ሰው ሳታገኝ ተነስታ ወጣች። ያ ሳቄ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

ስንወጣ ዶክተር በር ላይ ጠበቁኝ። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

"ጥፋቱ የእኔም ነው እታለም" አሉኝ ቀስ ብለው። "በደንብ ሳላስረዳሽ ነው የለቀቅሁሽ።"

ጥዬዎት የገባሁት እኔ ነኝ ልል ነበር። አላልኩም። ለልጅቷም አላልኩም።

እሷ ከተማ ሄዳ ልብስ ሰፊ ሆነች፤ አግብታ ሁለት ወልዳለች አሉ። ከአጥሩ ወዲያ አሁን ያሉት ባልና ሚስት ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ "ደህና አደሩ" ብለው ይገባሉ፣ ስለ ምንም ነገር አያስረዱኝም። አንዳንዴ ሆነ ብዬ አጥሩ ጋ ቆሜ "ይሄ ደመና ይዘንብ ይሆን?" እላለሁ። "እንጃ እማማ" ይሉኛል።

ዶክተር ከልጃቸው ዘንድ ከገቡ አራት ዓመታቸው ነው። የሚኖሩት ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከልብስ ስፌቱ ሱቅ በላይ ባለው ክፍል ነው። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ እስካሁን አልሄድኩም።