ጊዜ የሰረቅሁ ዕለት

ከጣቱ በፊት ፊቱ የሚጫወት ፒያኖ ተጫዋች አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን በደንብ አውቀዋለሁ። ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ፔዳል በሌለው ኪቦርድ ሥር ባዶውን ሲሚንቶ በእግሩ ይረግጣል። ይህ ሁሉ ስሜት ነው ትላላችሁ? እንጃ!

በፍለጋ አትድከሙ፣ እኔው ነኝ።

የዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሲቀላ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ ከመዘምራኑ ጋር ለመጫወት ስፈተን፣ እንቅልፍ ያሳጣኝን አንድ የአውሮፓ የሮማንቲክ ዘመን ዜማ መረጥሁ። ሩባቶ የሚባለውን ነገር በስልኬ ቪዲዮ አይቼ ተምሬ ነበር፤ «የተሰረቀ» ማለት ነው። አንዱን ድምፅ ለማስረዘም ከሚቀጥለው ድምፅ ላይ ጊዜ ትወስዳላችሁ። እኔም ወሰድሁ። ደግሜ ወሰድሁ። ውጭ የቆመው ባጃጅ እንኳ ትዕግሥቱ አልቆ ጡሩምባ ነፋ።

የመዘምራኑ መሪ እትዬ አስቴር አስቆሙኝ።

«ምን እያደረግህ ነው ልጄ?»

«ሩባቶ ነው እትዬ። ጊዜ መስረቅ ማለት ነው።»

«በቤተ ክርስቲያን?»

መዘምራኑ በሳቅ ፈነዱ።

«እሺ፣ የሰረቅኸውን መቼ ነው የምትመልሰው?»

መመለስ አለ እንዴ? ቪዲዮው ሳያልቅ ዳታዬ አልቆ ነበር።

እትዬ ጠረጴዛውን በጣታቸው መምታት ጀመሩ። «ግራ እጅህ ከዚህ ጋር ይሂድ። ቀኝህ ቢዘገይም ሮጦ ይድረስበት።»

እንደገና ጀመርሁ። ጣታቸውን ማየት ስለነበረብኝ ዓይኔን መጨፈን አልቻልሁም። ስጨርስ የሳቀ አልነበረም።

«እሑድ ና» አሉኝ፤ «እግርህን ግን ዶርም ትተኸው ና።»