ፎርክሊፍታችን ምን ይጠጣ?

ሰው ለትዳር ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አይጨነቅም፤ እኛ ግን አንድ ፎርክሊፍት ምን ዓይነት ነዳጅ ይጠጣ ብለን ሦስት ሳምንት ተሰብስበናል። እኔ አሶሳ ውስጥ የአንድ የገበሬዎች ማኅበር የመጋዘን ኃላፊ ነኝ። ጭነት የሚያነሳ ማሽን ሊገዛልን መሆኑ ሲሰማ፣ አዋቂ ነው ተብዬ ኮሚቴ ውስጥ ገባሁ።

ሒሳብ ሹማችን ወይዘሮ ጫልቱ ባለ ባትሪው ይሻላል አሉ። ግድቡ እዚሁ ክልላችን ውስጥ ተቀምጦ ለአንድ ማሽን የሚሆን መብራት እናጣለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ መብራቱ ሄደ። እሳቸውም ምንም ሳይመስላቸው ቃለ ጉባኤውን ወደ መስኮቱ አስጠጉ። በጋዝ ሲሊንደር የሚሠራም አለ ተባለ፤ ሊቀመንበራችን ግን ለቤታቸው ምድጃ የሚሆን ጋዝ ፍለጋ የሚንከራተቱ ሰው ናቸውና ሐሳቡን ሳል ሳል ብለው አለፉት። ያኔ እኔ ተነሣሁ። ናፍጣ ጉልበት ነው፣ ጭቃ አይፈራም፣ መብራት አይጠብቅም ብዬ አስረዳሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ስለ ናፍጣ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር ከየት እንደሚቀዳ ብቻ ነው።

ማሽኑ ሥራ በጀመረበት ጠዋት የጫኝና አውራጆቹን አለቃ አብዱልቃድርን ጠርቼ፣ ከእንግዲህ አታስፈልጉንም አልኩት። ዓመታት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው፤ ሰዎቹን ይዞ ሄደ። ከዚያ ከሰዓት ለሚመጣው መኪና እንዲፈጥን ብዬ የገበሬውን አኩሪ አተር በሙሉ በማሽኑ ከመጋዘን ወደ ግቢ አስወጣሁ። የመጨረሻው ጆንያ ሲወጣ ናፍጣው ሊያልቅ ሆነ፤ በሆሞሻ በኩል ደግሞ ሰማዩ ጠቆረ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነበር።

ጄሪካን ይዤ ማደያ ሮጥኩ። ቀጂው በጄሪካን መቅዳት ክልክል ነው፣ ማሽኑ ራሱ ይምጣ አለኝ። መጣ። በአይሱዙዎች መካከል ሹካውን ዘርግቶ ሲሰለፍ ከተማው ሁሉ ወጥቶ አየን። ተራችን ደርሶ ቀጂው ከኋላም ከፊትም ዞሮ አየውና ታርጋው የት አለ አለኝ። ፎርክሊፍት ታርጋ የለውም ብዬ ስከራከር ማሽኑ ትንሽ አስነጠሰና እዚያው ጠፋ። ከኋላ ያለው ሹፌር ሁሉ ጥሩምባውን ነፋ።

ምን ላድርግ? አፈርኩ፤ ግን የገበሬው እህል ሊበሰብስ ነው። ደወልኩና ይቅርታ ጠየቅኩ። አብዱልቃድር ሰዎቹን ይዞ መጣ፤ ማሽኑን ገፍተው ከማደያው አጠገብ ካለ የማንጎ ዛፍ ሥር አቆሙት። “መዓሊሽ ጋሼ፣ ችግር የለም፣” አለኝ ላቡን እየጠረገ፣ “ማሽን ጎበዝ ነች፤ ሰልፍ ግን አይችልም። እኛ ታርጋ የለም፣ ሰልፍም የለም። ገንፎ ብቻ።”

በመጋዘኑ ግቢ የመጨረሻው ጆንያ በትከሻቸው መኪናው ላይ ተጭኖ ሸራው ሲታሰር ዝናቡ ወረደ። ከሰዎቹ ጋር መጋዘን በር ላይ ቁጭ ብዬ የማሽላ ገንፎ በባሚያ በላሁ፤ እንደዚያ ቀን ምግብ ጣፍጦኝ አያውቅም።

በሳምንቱ ስለ ማሽኑ የሚሞላ ቅጽ መጣ። “የሚጠቀመው የነዳጅ ዓይነት” በሚለው ቦታ እውነቱን ጻፍኩ፦ የማሽላ ገንፎ። ሊቀመንበሩ ሳያነቡ ፈረሙ። ወይዘሮ ጫልቱ ግን ጠንቃቃ ናቸው፤ አነበቡትና ጎደሎውን በእጃቸው ሞሉት፦ “በቀን ሁለት ጊዜ።”