ጉራቹን ማን አሳወረው

(ከኡላንባታር ወጣ ብሎ ባለ የአየር ኃይል ሰፈር፣ የነጭ ወር የሚባለው የሞንጎሊያውያን አዲስ ዓመት በዓል አራት ቀን ሲቀረው። ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ነው። ሜዳው ላይ ሦስት እንግዶች ቆመዋል፤ አንድ ጥቁር ሄሊኮፕተር፣ አንድ ቡናማ ሄሊኮፕተርና የምድር ዒላማ የሚመታ አንድ ነጭ አውሮፕላን። ሠራዊቱ የሚገዛው አንዱን ነው፤ መራጩ ኮሚቴ ደግሞ በኮሎኔል ዳምዲን ነው የሚመራው። ምርጫው ካማረለት ለበዓሉ የጄኔራልነት ኮከብ ትከሻው ላይ ያርፋል፤ ሚስቱ ካሁኑ ለዘመድ አዝማዱ ነግራ ጨርሳለች። ካላማረለት ጎቢ በረሃ ወርዶ የነዳጅ መጋዘን ሲጠብቅ ጡረታው ይደርሳል። እኩለ ቀን ላይ ጄኔራሉ መጥተው ያያሉ። አሁን ረፋድ ነው። ኮሎኔሉ ጉልበቱን እንዳይበርደው ወረቀት አንጥፎ፣ ከጥቁሩ ሄሊኮፕተር አፍንጫ ሥር ተንበርክኳል፤ እዚያ የተንጠለጠለውን ክብ የመስታወት ዓይን እያየ ያየውን ማመን አቅቶታል። ባልዲና የእንጨት ጭልፋ ይዞ አጠገቡ የቆመው ሃምሳ አለቃ ጎምቦ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የኖረ መካኒክ።)

ዳምዲን፦ የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ይሄ ነጭ ነገር ምንድን ነው?

ጎምቦ፦ ወተት ነው፣ ጌታዬ።

ዳምዲን፦ ወተት መሆኑንማ አያለሁ።

ጎምቦ፦ ታዲያ ለምን ይጠይቁኛል?

ዳምዲን፦ ሄሊኮፕተር ዓይን ላይ ምን ይሠራል ነው የምልህ!

ጎምቦ፦ አሁን ምንም አይሠራም። በረዶ ሆኖ ቁጭ ብሏል።

ዳምዲን፦ ማን ደፋው?

ጎምቦ፦ አልተደፋም፣ ተረጨ እንጂ። መንገደኛ ወተት ሳይረጭለት ይሸኛል እንዴ? ጉራቹ ዛሬ ጄኔራሉ ፊት ይበራል ተባለ፤ እኔም መንገድህ ይቅና ብዬ ሦስት ጭልፋ ረጨሁለት።

ዳምዲን፦ ጉራቹ ደግሞ ማነው?

ጎምቦ፦ ይሄ ጥቁሩ። ያ ቡናማው ዳማው ነው፣ ነጩ አውሮፕላን አምባላዩ። የፋብሪካ ስማቸው ቁጥር ብቻ ስለሆነ አፌ አልይዝልኝ አለ።

ዳምዲን፦ ፈረስ ገበያ የወጣህ መሰለህ? ይሄ ተዋጊ ሄሊኮፕተር ነው። አንተ ወተት ያጠጣኸው ዓይን፣ አሥር ኪሎ ሜትር ርቃ የቆመች ቀበሮ ወንድ ትሁን ሴት ለይቶ ይናገራል።

ጎምቦ፦ አሁንም ይናገራል?

ዳምዲን፦ አሁንማ የራሱን ጎማ አያይም።

ጎምቦ፦ ቀበሮዋ ዕድለኛ ናት።

ዳምዲን፦ አትቀልድብኝ። ሁለት መቶ አሥራ አራት መመዘኛ አውጥቼ፣ ከመቶ ዘጠና አንድ ያገኘው እሱ ነው። ሪፖርቱ ላይ ፈርሜ ጨርሻለሁ።

ጎምቦ፦ ነጥቡን ማን ሰጠው?

ዳምዲን፦ ሰነዱን አይቼ እኔ ሰጠሁ።

ጎምቦ፦ ሰነዱን ማን ጻፈው?

ዳምዲን፦ ሻጮቹ ናቸዋ። ከነሱ በላይ ማን ያውቀዋል?

ጎምቦ፦ ልክ ነዎት። አጎቴም ፈረስ ሲሸጥ ዕድሜውን የሚናገረው እሱ ራሱ ነበር። አንድ ፈረስ ነበረው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የአምስት ዓመት ፈረስ ሆኖ ኖረ።

ዳምዲን፦ (እንዳልሰማ ሆኖ) አምባላ... ነጩ አውሮፕላን እንኳን ያን ያህል ፈጥኖ ስልሳ ብቻ ነው ያገኘው። ለማረፍ ሁለት ኪሎ ሜትር አስፋልት ይፈልጋል።

ጎምቦ፦ በረዶ የከበበው እረኛ ደጃፍ ላይ ማረፍ አይችልማ።

ዳምዲን፦ ለጦርነት ነው የሚገዛው፣ ለእረኛ አይደለም።

ጎምቦ፦ ጦርነቱ ቀን ተቆርጦለታል?

ዳምዲን፦ አልተቆረጠለትም።

ጎምቦ፦ በረዶው ግን በየዓመቱ ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል።

ዳምዲን፦ በቃ፣ ወሬውን ተወውና ጥረገው።

ጎምቦ፦ አይጠረግም። በእጅ መንካት ክልክል ነው ይላል መመሪያው። የራሱ ማጠቢያ ፈሳሽ አለው፤ ከባሕር ማዶ ለመምጣት አርባ ቀን ይፈጅበታል።

ዳምዲን፦ አርባ ቀን? ዳማውስ? እሱን አልረጨኸውም?

ጎምቦ፦ ረጨሁት እንጂ። ሻምበል ኡያንጋ ወረደችና በእጅጌዋ ጠረገችው። ያውና ሞተሩን እያሞቀች ነው።

ዳምዲን፦ ኡያንጋ ያንተ ልጅ አይደለችም?

ጎምቦ፦ ልጄ ናት። የመረጡትን የምታበረው እሷ ናት። ለዚህ ነው ወተቱን ከወፍራሙ፣ ያክ ከምትባለው ጠጉራም የተራራ ላም ያመጣሁት።

ዳምዲን፦ (ሰዓቱን እያየ) ትኩስ ነገር ያቀልጠዋል።

ጎምቦ፦ ይቅርብዎ፣ ጌታዬ።

ዳምዲን፦ ፊዚክስ የተማርኩት እኔ ነኝ፣ አንተ አይደለህም።

(ሚስቱ ያስያዘችውን ቴርሞስ ከፍቶ ሻዩን ሙሉውን የጉራቹ ዓይን ላይ ያፈስሰዋል። ለአፍታ ይጨሳል፤ ኮሎኔሉ ፈገግ ይላል። ወዲያው ሻዩ እንደፈሰሰ በረዶ ሆኖ ይደርቃል፤ ፈገግታውም አብሮት።)

ጎምቦ፦ አሁን የአገራችን ሻይ በወተት ሆነ። ጨው ብቻ ነው የቀረው።

ዳምዲን፦ ጨው አለበት።

ጎምቦ፦ እንግዲያው ምንም አልጎደለውም።

ዳምዲን፦ ጉድ ሆንኩ። ጎምቦ፣ ለጄኔራሉ አንተን ነው የማሳብበው። አንድ ደደብ ሃምሳ አለቃ ነው ያበላሸው እላቸዋለሁ።

ጎምቦ፦ ይበሏቸው። ግን ጄኔራሉ የገጠር ልጅ ናቸው፤ ሦስት ጭልፋ ወተት ያሳወረውን የመጋቢት አውሎ በረዶ ምን ያደርገዋል ብለው ቢጠይቁስ?

(ዳምዲን የመመዘኛውን ጥራዝ ከብብቱ አውጥቶ ገጹን በጥድፊያ ይገልጣል።)

ዳምዲን፦ ስለ በረዶ... ስለ መቀመጫው ጨርቅ አለ። ስለ ሙቀትም አለ፣ እስከ ሃምሳ ዲግሪ ሙቀት ይችላል።

ጎምቦ፦ (ጢሙ ላይ የረጋውን በረዶ እያራገፈ) እሱ እንኳን ያጽናናል።

ዳምዲን፦ አንተ ሰውዬ፣ ይህን ካወቅህ ቀድመህ ለምን አልነገርከኝም?

ጎምቦ፦ ረቡዕ ጽፌ ሰጠሁዎት። ሐሙስም ጻፍኩ። ዓርብ ደግሞ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ።

ዳምዲን፦ አንድም ወረቀት አላየሁም።

ጎምቦ፦ የዓርቡ ላይ ተንበርክከውበታል።

(ዳምዲን ቀስ ብሎ ይነሳል። የረገጠውን ወረቀት አንስቶ ያነባል፤ ጆሮው እየቀላ ይሄዳል።)

ዳምዲን፦ «የጥቁሩ ዓይን ጠብታ ከነካው በረዶ ሠርቶ ይታወራል።» እና ወተቱን አውቀህ ነው የረጨኸው?

ጎምቦ፦ አውቄ ነው። ውሃ ብረጭበት ኖሮ ይሄኔ እስር ቤት ነበርኩ። ወተት ለምን ረጨህ ብሎ የሚያስር ሞንጎሊያዊ ግን አልተወለደም። ፈርቼ ነው፣ ጌታዬ። ልጄ ታውራ ተራራ ላይ ስትንከራተት በሕልሜ እያየሁ መተኛት አቃተኝ።

ዳምዲን፦ (ድምፁ ለስልሶ) ጋሽ ጎምቦ፣ እስክሪብቶ ይዘዋል?

ጎምቦ፦ ዛሬ ደግሞ ጋሼ ሆንኩ?

(ኮሎኔሉ እስክሪብቶውን ተቀብሎ በትንፋሹ እያሞቀ ሪፖርቱ ላይ ጥቁሩን ይሰርዛል፣ ቡናማውን ይጽፋል። ደስታው ይመጣል፤ እጁ መሮጥ ይጀምራል።)

ዳምዲን፦ «ሁለት መቶ አሥራ አምስተኛ መመዘኛ፣ የወተት ፈተና። ዳማው አለፈ፣ ጉራቹ ወደቀ። ፈታኝ፣ ኮሎኔል ዳምዲን።»

ጎምቦ፦ እኔስ?

ዳምዲን፦ አንተማ ወተት አቀባይ ነህ። ባልዲህን ያዝና ወደዚያ ፈንጠር በል።

(ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ጂፕ ይመጣል። ጄኔራሉ ይወርዳሉ፤ በእጃቸው ወተት የሞላ ጠርሙስ አለ። ሰላምታም ሳይሰጡ ዳማውን ይረጩታል። ኡያንጋ ወርዳ በእጅጌዋ ትጠርገዋለች።)

ዳምዲን፦ (በሹክሹክታ) እሳቸውም ይዘዋል።

ጎምቦ፦ ሁሉም ይይዛል፣ ጌታዬ። እኔ ቀድሜ ባልረጨው ኖሮ፣ ጉራቹን በእሳቸው እጅ ሲታወር ያዩት ነበር፣ ሪፖርቱ ላይ የእርስዎ ፊርማ እያለ።

(ኮሎኔሉ ሪፖርቱን ያቀርባል። ጄኔራሉ ሪፖርቱን ተቀብለው ያነባሉ፣ ይስቃሉ፣ ከኪሳቸው አንዲት የምታብረቀርቅ ኮከብ ያወጣሉ።)

ጄኔራሉ፦ የወተት ፈተና። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ አስተዋይ መኮንን ስጠብቅ ነበር። ና፣ ትከሻህን አምጣ። (ዓይናቸው ጉራቹ ላይ ያርፋል። ጠጋ ብለው በጣታቸው ያንኳኩታል።) ቆይ እስቲ። ወተቱስ ገባኝ። ይህ ከላዩ የተለጠፈው ቡናማ ነገር ምንድን ነው?

(ዳምዲን ጎምቦን በልመና ያየዋል። ጎምቦ ቆቡን አውልቆ በትሕትና ይቀርባል።)

ጎምቦ፦ ክቡር ጄኔራል፣ ወተቱ የኔ ነው። ሻዩ ግን ሙሉ በሙሉ የኮሎኔሉ ሐሳብ ነው።

(ጄኔራሉ አንዴ ባዶውን ቴርሞስ፣ አንዴ ኮሎኔሉን ያያሉ። ኮከቧን ቀስ ብለው ወደ ኪሳቸው ይመልሳሉ።)

ጎምቦ፦ (ኮሎኔሉን ትከሻውን መታ መታ እያደረገ) አይዞዎት፣ ጌታዬ። ጎቢ በበጋ ሙቀቱ አይጣል ነው፤ እዚያ ሻይ አይበርድም።