የእትዬ ዘሀራ ኮምፒውተር

የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርን እንደ ጥሎሽ ዕቃ የግሉ የሚያደርግ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔን አጋጥሞኛል። የምሠራበት የማሾ ንግድ ድርጅት በሸዋሮቢት፣ በጀውሃና በካራቆሬ ቢሮዎች አሉት። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ አንድ ዓይነት እንዳደርግ፣ የሠራተኛውንም ሥራ ሸዋሮቢት ባለው ሰርቨር በሚባል አንድ ዋና ኮምፒውተር ላይ እንዳሰባስብ ታዘዝኩ።

የጀውሃዋ ኃላፊ እትዬ ዘሀራ ግን በዳንቴል የሸፈኑትን ኮምፒውተር ሊያስነኩኝ ነው? "ሥራዬ ያለው እዚህ ሆዱ ውስጥ ነው፤ ወላሂ አላስነካህም!" ብለው በር ላይ ቆሙብኝ። አለቃችን ደውሎ ሲያዛቸው ፈቀዱልኝ እንጂ፣ ሥራቸው ሸዋሮቢት ገብቷል ብላቸው አላመኑኝም።

አንድ ቀን መብረቅ ኮምፒውተሩን አቃጠለው። ማሾ የጫነው መኪና ደግሞ ሰነድ እየጠበቀ ነበር፤ በዕለቱ ካልወጣ ገዢው ውሉን ሊያፈርስ ነው። እትዬ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? የተቃጠለውን ማሽን በነጠላ ጠቅልለው፣ እንደ ታመመ ሕፃን አቅፈው፣ በሚኒባስ ሸዋሮቢት ከተፍ አሉ።

"አድንልኝ ልጄ!" አሉኝ።

"እሱን ይተዉትና እዚህ ይቀመጡ። የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ" አልኳቸው፣ በጸሐፊዋ ኮምፒውተር ፊት ያለውን ወንበር እየሳብኩ።

አስገቡ። የልጅ ልጃቸው ፎቶ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለ፤ ከጎኑም ጀምረው የተዉት ሰነድ።

"ቢስሚላህ! ማን አመጣልኝ?" አሉና ቢሮውን በእልልታ አናወጡት። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ ጦርነት ያሸነፍኩ ያህል ደረቴን ነፋሁ።

ሰነዱን ጨርሰው፣ አትመው ወደ ሚኒባሱ ሲሮጡ "እትዬ፣ ኮምፒውተርዎን ረሱት!" አልኳቸው።

"ለቆራሌው ስጠው!" አሉ ዞር እንኳ ሳይሉ። "የእኔማ በሄድኩበት ሁሉ አለ!"