ሀምፍሪ ባቡሩን ሲሸኝ

(ደቡብ እንግሊዝ። አሮጌው የኤሌክትሪክ ባቡር ዛሬ የመጨረሻ ጉዞው ነው፤ ሳንድሊ ጣቢያ አንዲት ደቂቃ ቆሞ በቀጥታ ወደ አሮጌ ባቡር ማፍረሻው ይሄዳል። ሀምፍሪ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጣቢያ ጫፍ ላይ ቆሞ ለገዛ ደስታው የባቡር ቁጥር ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። የስንብቱን ንግግር እንዲያደርግ የተመረጠውም እሱ ነው፤ ሳንድሊ ላይ ከንቲባዋና የሙዚቃ ጓድ ይጠብቁታል። ይህችን ቀን ሲያስብ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ ብሎታል፣ ምስኪን! ጎረቤቱ ዊልፍ የብስኩት ፋብሪካ ጡረተኛ ነው፤ የመጣው የንግግሩን ወረቀት ሊይዝለት ነው። ሁለቱም አሁን ባቡሩ ውስጥ ናቸው።)

ሀምፍሪ፦ መስኮቱን ዝጋው አልኩህ!

ዊልፍ፦ ትንሽ አየር ብዬ እኮ ነው።

ሀምፍሪ፦ አሥራ አንድ ገጽ ንግግር በመስኮት ሊበርብኝ ነው፣ እሱ አየር ይለኛል! ሁለተኛ ይህን መስኮት እንዳትነካ! የተቀመጥክበት እኮ ታሪክ ነው።

ዊልፍ፦ (ብድግ ብሎ እያየ) ውይ! እኔ ወንበር መስሎኝ።

ሀምፍሪ፦ ለመሆኑ ይሄ ባቡር መቼ እንደተሠራ ታውቃለህ?

ዊልፍ፦ እኔ ስሳፈርበት ተሠርቶ ነበር።

ሀምፍሪ፦ ወይ ጣጣ! በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሰባት፣ ዮርክ ላይ! ባለ አራት ፉርጎ! ሰባት መቶ ሃምሳ ቮልት፣ ያውም ኤሌክትሪኩን ከጎኑ ከተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ የሚስብ!

ዊልፍ፦ አዎ፣ ሦስተኛው ፉርጎ ማሞቂያው ቂጥ ይጠብስ ነበር።

ሀምፍሪ፦ እሱ ታሪክ አይባልም!

ዊልፍ፦ ሱሪዬን ያቃጠለኝ ቀን ግን ፋብሪካው ሁሉ አውርቶታል።

ሀምፍሪ፦ ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ባቡር ፋብሪካ ተመላልሰህ አንድ ቁጥር እንኳ አልያዝክም?

ዊልፍ፦ እኔ የጠዋቱና የማታው እያልኩ ነው የምለያቸው። አንተስ የት የት ሄድክበት?

ሀምፍሪ፦ (ጉሮሮውን እየጠረገ) አዋቂ ባቡርን ከውጭ ነው የሚያየው። ውስጥ ከገባህ ቁጥሩ አይታይህም። እኔ ጣቢያ የምሄደው በመኪናዬ ነው።

ዊልፍ፦ እና መሳፈርህ ዛሬ ገና ነው?

ሀምፍሪ፦ አፍህን ያዝ! ወረቀቱንም እንዳታጨማድደው!

(ባቡሩ ሳንድሊ ቆመ። ውጭ ጥሩምባው ተነፋ። ሀምፍሪ ኮፍያውን አስተካክሎ በሩ ፊት ቆመ። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም።)

ዊልፍ፦ ሀምፍሪ፣ በራሱ አይከፈትም እኮ።

ሀምፍሪ፦ ነጂው ይከፍተዋል። (ጠበቀ። በሩን መዳበስ ጀመረ።) እጀታው የታለ? ኧረ ይሄ በር እጀታ የለውም!

ዊልፍ፦ መስኮቱን ዝቅ አድርገህ...

ሀምፍሪ፦ መስኮቱን እንዳትነካ አላልኩህም?

ዊልፍ፦ እሺ፣ እሺ። ግን እጅህን...

ሀምፍሪ፦ ዝም በል! ይሄን ባቡር የማውቀው እኔ ነኝ! ይልቅ ሂድና የሚያውቅ ሰው ጥራልኝ!

(ሀምፍሪ ተንበርክኮ እጀታ ፍለጋ ወንበር ሥር ገባ። በዚህ ባቡር ከየወንበሩ አጠገብ በር አለ፤ ዊልፍም የቀጣዩን በር መስኮት አልተከለከለም። ዝቅ አደረገው፣ እጁን አውጥቶ የውጭውን እጀታ ጠመዘዘና ወረቀቱን እንደያዘ ወረደ። እንደ ልማዱም በሩን ድርግም አድርጎ ዘጋው። ፊሽካ ተነፋ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ ሀምፍሪ የመስኮቱን መስተዋት በሁለት እጁ ይደበድብ ነበር።)

ሀምፍሪ፦ ዊልፍ! ንግግሬ! ኧረ ንግግሬን!

(ከንቲባዋ ወረቀቱን ዊልፍ እጅ ላይ ሲያዩ ማይክራፎኑን አቀበሉትና፣ አዋቂው ሰውዬ የት እንዳሉ ጠየቁት። ዊልፍ አሥራ አንዱን ገጽ አገላብጦ አየና ኪሱ ከተተው።)

ዊልፍ፦ ክቡራን፣ አዋቂው ሀምፍሪ ነበር። እንዳያችሁት መለየቱ አላስቻለውም፤ እስከ ማፍረሻው ሊሸኘው አብሮ ሄደ።

(ሕዝቡ እንባውን እየጠረገ አጨበጨበ።)

ዊልፍ፦ እኔ እንኳ ስለ ባቡር የማውቀው መውረድ ብቻ ነው።